ስለ ሰንደል ጫማዎና አንገትዎ ላይ ስለሚንጠለጠለው ፍላሽ

ለክቡር ኔታኒ ዋንጋ
የዋይናሎሎ መንደር ሹም
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ደጃፌ ላይ ስለሚቀመጡ ሰንደል ጫማዎች

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎስ? ባለፈው እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ አንድ በአንድ እያቃሰቱ ሲወርዱ አይቼ አዝኜ ነበር፤ ወዲያው ምሳ ወደተዘጋጀበት ቤት ሲሮጡ አይቼ ተጽናናሁ። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና አሳማዎችዎ፣ በተለይም የእኔን ካሳቫ እየበላ ለዚህ ማዕረግ የበቃው ባለ ነጭ ጆሮው፣ ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ኮምፒውተሬ ታሞ ሰንብቷል፤ ነገር ግን ስለ እሱ በዚህ ደብዳቤ አንዲት ቃል አልተነፍስም። የምጽፈው ስለ ጫማ ብቻ ነው።

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ ክቡርነትዎ በየወሩ የመጨረሻ ዓርብ ቤቴን ሲያከብሩ ሰንደልዎን ደጃፌ ላይ አውልቀው አፍንጫውን ወደ ውስጥ አዙረው ይተዉታል። ሌላው የመንደራችን ሰው ጫማውን ወደ ውጭ አዙሮ ነው የሚያስቀምጠው፤ «ብዙ አልቆይም፣ ስወጣም አላስቸግርም» ማለቱ ነው። የእርስዎ ሰንደል ግን ወደ ማድ ቤቱ አቅጣጫ እያየ ምሳ ደርሶ እንደሆነ የሚጠይቅ ይመስላል። ዶሮዎቼ ሰግተዋል። ይህን ያህል ትንሽ ጉዳይ ለትልቅ ሰው በማቅረቤ አፍራለሁ፤ እዚህ ላይም ባበቃ ደስ ባለኝ። ዳሩ ግን ወረቀቱ ገና አላለቀም፤ ሰንደሉም ብቻውን አይመጣም። ከእግር ጋር ይመጣል፣ እግሩም ከአንገት ጋር፣ አንገቱም በቀይ ክር ከታሰረ ፍላሽ ጋር። ስለዚህ ጥቂት ልጨምር ይፈቀድልኝ።

ይህ ደብዳቤ በመሰብሰቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ከሌላ መንደር መጥተው ለሚያነቡት ሁለት ነገር ልንገራቸው። አንደኛው፣ በዋይናሎሎ ያለው የቤት ኮምፒውተር አንድ ነው፤ ማተሚያውም አንድ ነው፤ ሁለቱም የእኔ ናቸው። አያያዙን የተማርኩት አብሮት ከመጣው መጽሐፍ ነበር፣ መጽሐፉን ምስጥ ከበላው በኋላ ደግሞ ከራሴ ስህተት። ሹማችን ለአውራጃው የሚልኩትን ወርኃዊ ሪፖርት በፍላሽ ይዘው መጥተው እኔ ቤት ያትማሉ። ሁለተኛው፣ ሹማችን የእናቴ ወንድም ልጅ ናቸው። ታቫሌዬ ናቸው። ታቫሌ ታቫሌውን እንደፈለገ ሊያላግጥበት ይችላል፤ የተላገጠበት ቢቆጣ ካሣ የሚከፍለው የተቆጣው ነው። ይህን ሕግ ያወጡ አባቶች እረፍታቸው የሰላም ይሁን፤ ለዛሬ ቀን አስበውልኝ ነው።

አቤቱታዎቼ እንደሚከተለው ናቸው።

አንደኛ፦ ስለ ፍላሽዎ ጉዞ። ክቡር ሆይ፣ በመንደራችን አንድ ሰው «እባክህ ያን ነገር ስጠኝ» ካለ መከልከል ነውር መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ መጥረቢያዬን ካየሁት ዓመት አልፎኛል። ፍላሽዎም በዚሁ ባህል መሠረት ወሩን ሙሉ ያገለግላል። መምህሩ ይዋሱታል፣ የመዘምራኑ መሪ ትዋሰዋለች፣ ባለጀልባው ለሙዚቃ ይዋሰዋል፣ ባለጀልባው ደግሞ ሳቩሳቩ ከተማ ላለ ለማላውቀው ሰው ያውሰዋል። ከዚያ የሁሉንም በሽታ ሰብስቦ ዓርብ ዕለት በእርስዎ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ወደ እኔ ይመለሳል። ወደ ውጭ ሀገር ሳልሄድ የውጭ ሀገር ቫይረስ በቤቴ እንዲያርፍ ስላደረጉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያው ገብቶ ሳምንታት ካደባ በኋላ ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። ስማቸው አለ፣ ሆዳቸው ባዶ ነው። እኔም ማሽኑን ከኢንተርኔት ነቀልኩና «ሴፍ ሞድ» በሚባለው መንገድ አስነሣሁት፤ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ለብሶ የሚነሣበት ነው። ፀረ ቫይረሱን ልከፍት ስል ግን ቫይረሱ በሩ ላይ ቆሞ ይዘጋብኛል፤ ስሙን ያውቀዋልና። ስለዚህ የፀረ ቫይረሱን ስም «ካሳቫ» ብዬ ቀየርኩት። በዚህ መንደር ካሳቫን ማን ይጠረጥራል? ሰተት ብሎ ገባ። አገኘው፣ ያዘው፣ ጣለው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሲነሣ አብረውት የሚነሡትን ስሞች አየሁ፤ ዘመዳቸውን የማላውቃቸውን አስወጣሁ። ቫይረሱ ተደብቆ የሚጠብቅበትን የድሮ ማስቀመጫ ጠረግሁ። የተደበቁትን ፋይሎቼን ወደ ብርሃን መለስኩ። ይህ ሁሉ ሦስት ቀን ፈጀ። አራተኛው ቀን ዓርብ ነበር፤ እርስዎም መጡ።

ሁለተኛ፦ በትሕትና ለሚጠይቅ ሁሉ «አዎን» ስለ ማለትዎ። ይህ ደግነትዎ እንደሆነ አልክድም። ችግሩ የመጣው ኮምፒውተርም ትሑት ሆኖ በመገኘቱ ነው። «እባክዎ ይህን ልጫን?» ይላል፤ አዎን ይሉታል። «ስጦታ ደርሶዎታል፣ ይቀበላሉ?» ይላል፤ አዎን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይሉታል። «ኮምፒውተርዎ ሠላሳ ሰባት ቫይረስ አለበት፣ እናጽዳልዎ?» ብሎ ራሱ ቫይረሱ ሲጠይቅዎ እንኳ አላሳፈሩትም። ባለፈው ወር ለሻይዎ የሎሚ ቅጠል ልቆርጥ ጓሮ ወጥቼ ስመለስ ሰባት መስኮቶችን አስተናግደው ጠበቁኝ። አራቱ ምን እንደነበሩ በኋላ ደርሼበታለሁ። ሦስቱን እስከ ዛሬ አላወቅኋቸውም። የዚያን ዕለት የተነጋገርነውን ለታሪክ ላስቀምጠው፦

«አንተ ታቫሌ፣ ምን ነክተህ ነው?»

«ምንም አልነካሁም። ጠየቀኝ፣ መለስኩለት።»

«‹አይሆንም› የሚልም እኮ አጠገቡ አለ!»

«አይቼዋለሁ። ግን አንተ በትሕትና የጠየቀህን ሰው አይሆንም ትለዋለህ?»

«ሰው አይደለም፣ መስኮት ነው!»

«መስኮት ሆኖም እባክዎ ብሎኛል። አንተ ሻይ ስትሰጠኝ እንኳ እባክህ አላልከኝም።»

ሻይዎን ጠጡ፣ ብስኩቴን ጨረሱ፣ ፍርፋሪውን ለኪቦርዱ አካፍለው ሄዱ። እኔም እንደገና ሦስት ቀን አጸዳሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ ታቡው። ባሕራችን ላይ ዓሣ ሲያንስ ምን እንደምናደርግ ያውቃሉ። የኮኮናት ቅጠል በእንጨት ላይ አስረን እናቆማለን፤ ያ ቅጠል እስኪነሣ ማንም መረብ አይጥልም፣ ታቡ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ካጸዳሁ በኋላ ይህንኑ ለኮምፒውተሬ እንዲያውጁልኝ ለመንኩዎት። እርስዎም ከበሮ አስመትተው «የሳኪዩሳ ማሽን እስኪያገግም ድረስ ማንም ምንም እንዳይሰካበት» ብለው አወጁ። እኔም የፍላሽ መሰኪያዎቹን በኮኮናት ቅጠል አሰርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ከካሳቫው ብልሃት ይልቅ ይህ ሠራ። የመዘምራኑ መሪ ቤቴን በሩቁ ዞራ አለፈች። ባለጀልባው ፍላሽ ይዞ መጥቶ ቅጠሉን ሲያይ ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ። ማሽኑ እንደ ሕፃን ጤነኛ ሆኖ ሦስት ሳምንት ቆየ።

ከዚያ ያለፈው ዓርብ ደረሰ።

«ታቡ ነው እኮ!» አልኩዎት።

«ታቡውን ያወጀው ማነው?»

«አንተ ነህ።»

«ታዲያ እኔን ይከለክለኛል?»

ቅጠሉን በሁለት ጣት ገለጥ አድርገው፣ «ይቅርታህን፣ ለመንግሥት ሥራ ነው» ብለው ለቅጠሉ ነግረው ሰኩት። ሲጨርሱም ቅጠሉን በክብር መልሰው አሰሩት። አሳሰርዎ ከእኔ ያምር ነበር፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

አራተኛ፦ ይህን ነጥብ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰርዣለሁ፤ ቀልድ አልሆን አለኝ።

የሁላችን አያት ቡቡ ኡናይሲ ጎረቤቴ መሆናቸውን ሁሉ ያውቃል። አምና ዝናቡን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠው አርባ ሦስት የመኬ ዘፈኖች ሰጥተውኛል፤ ሴቶቻችን ተቀምጠው በእጃቸው የሚጨፍሯቸውን ዘፈኖች፣ ከነዜማቸውና ከነእጅ አጣጣላቸው። እሳቸው ያዜማሉ፣ ማሽኑ ይቀዳል፣ እኔ ደግሞ ግጥሙንና የእጁን አጣጣል እዚያው ማሽኑ ላይ እጽፋለሁ። «አንድ ዘፈን አንድ ጊዜ ነው የምሰጥህ፤ ሬዲዮ አይደለሁም» ብለውኛል። ሦስተኛው ዘፈን መካከል ላይ አቋርጠው «ፍጠን እንጂ! ጣትህ የሸርጣን ነው፣ ወደ ጎን ይሄዳል!» ሲሉኝ ይሰማል። ይህንን ቆርጬ ላወጣው አስቤ ነበር። እንኳን አላወጣሁት፣ ከዘፈኑ ይልቅ እሱን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ።

ከፋሲካ ወዲህ ቡቡ ምላሳቸው ታስሯል። አእምሯቸው ሙሉ ነው፣ ዓይናቸው እንደ ድሮው ይሳደባል፣ ቃል ግን አይወጣቸውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለበዓላችን ከአሥራ ሁለት መንደር እንግዳ ሲሰበሰብ ሴቶቻችን መኬ ይቀመጣሉ። ከአርባ ሦስቱ የሚያውቁት ዘጠኙን ነው። የቀሩት የነበሩት አንድ ማሽን ውስጥ ነበር።

ባለፈው ዓርብ፣ እንደ ወጉ፣ የሎሚ ቅጠል ልቆርጥ ወጣሁ። ሻዩን ይዤ ስገባ እንዲህ አሉኝ፦

«ሣጥንህ በጣም ጨዋ ነው። ሁለት ጊዜ ነው የጠየቀኝ።»

«ምን ብሎ?»

«‹የተበከሉት ፋይሎች በሙሉ ለዘለዓለም ይጥፉ?› አለኝ። ደግሞም ‹እርግጠኛ ነዎት?› አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ሁለቴም አዎን።»

ሪፖርትዎ በሚያምር ሁኔታ ታትሟል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ የእኔንም ጥፋት አልደብቅም። የዘፈኖቹ ቅጂ ስልኬ ላይ ነበር፤ ስልኬ ደግሞ ኦክቶፐስ ሳድን ባሕር ገብቷል። ሁለተኛ ቅጂ አላስቀመጥኩም። ይህን በእርስዎ ላይ አላላክክም፤ ኦክቶፐሱ ሹም አይደለም። የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ቅዳሜን ሙሉ ፈልጌ አርባ ሦስት ስሞች አገኘሁ። ስም ብቻ። ድምፅ የላቸውም።

ቡቡ በየቀኑ በዱላቸው ተደግፈው ይመጣሉ። በአገጫቸው ወደ ማሽኑ ይጠቁማሉ፤ አንዱን ክፈትልኝ ማለታቸው ነው። ቅዳሜ «አርፏል» አልኳቸው። እሑድም «አርፏል» አልኳቸው። ትናንት የሚዋሽ አፍ ስላጣሁ የኮኮናት ቅጠሉን አሳየኋቸው። ታቡ ስለሚያከብሩ አንገታቸውን ነቅንቀው ተመለሱ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ሰው አሞኝቻለሁ፣ እርስዎንም ጨምሮ፤ እንደ ትናንቱ ግን አፍሬ አላውቅም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው የሚከተለው ነው። ያ ፍላሽ ከአንገትዎ ወርዶ ለእኔ ይሰጠኝ፤ ለበዓሉ ከሚቆፈረው የመሬት ምድጃ ውስጥ፣ ከጋለው ድንጋይ በታች፣ ከባለ ነጭ ጆሮው አሳማ ጋር ይጋገር። ክቡርነትዎ ደግሞ «አይሆንም» ማለትን ይለማመዱ። ትምህርቱን እኔው በነጻ እሰጣለሁ። በየቀኑ ጠዋት ደጃፍዎ መጥቼ በትሕትና «ክቡር ሆይ፣ አሳማዎን ልውሰድ?» እልዎታለሁ። «አይሆንም» ካሉኝ ትምህርቱ ገብቶዎታል። «አዎን» ካሉኝም እኔ አልጎዳም።

ይህን ሁሉ የደፈርኩት ለሹመትዎ ካለኝ አክብሮትና ለጉልበትዎ ካለኝ ሐዘን የተነሣ መሆኑን እንዲረዱልኝ እየለመንኩ፣ ዘመንዎ የረዘመ፣ ሪፖርትዎ ያጠረ፣ ሰንደልዎም ወደ ውጭ የዞረ ይሁን እላለሁ።

ታዛዥዎ፣ ታቫሌዎና ያለ ፈቃዱ ማተሚያ ቤትዎ፣
ሳኪዩሳ ቦላ

ግልባጭ፦
ለመንደሩ የሴቶች ኮሚቴ
ለመዘምራኑ መሪ (ፍላሹ ለአሁኑ እሷ ዘንድ ካለ እንዳትመልሰው)
ለባለ ነጭ ጆሮው አሳማ፣ ለመረጃ ያህል

ከፊርማው በኋላ የታወሰ፦ ይህ ደብዳቤ በእጅ የተጻፈው ማሽኑ ላይ አዲስ ነገር ብጽፍ የጠፋው ጨርሶ ይሸፈናል ብዬ ስለፈራሁ ነው። ፊደሌ ካስቸገረዎት፣ ምን እንደሚል ሳያውቁ አዎን ይበሉት፤ ልምዱ አለዎት።

ደግሞም የታወሰ፦ ነጥቡን ሳላሳርፍ በር ላይ ጉሮሮ ተጠረገ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ መንደሩ በሙሉ ማሳ ላይ ስለሆነ እኔ ቤት ማንም አይመጣም። ቀና ስል እርስዎ ነበሩ። አንገትዎ ባዶ ነው። ከኋላዎ፣ ደጃፉ ላይ፣ ሰንደልዎ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ ተቀምጧል። ይህ ደብዳቤ ገና አልተለጠፈም፤ ስለዚህ ደነገጥኩ።

ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው መሐረብ ፈቱ። ውስጡ ፍላሹ ነበር።

«ሳኪ፣ ትናንት አውራጃ ሄጄ ነበር።»

«ሪፖርቱን አስረክበህ መጣህ፤ እና?»

«ጸሐፊዋ በፍላሽም አምጣ አለችኝ። ስትከፍተው አንዲት አሮጊት ሰደበቻት።»

«ምን ብላ?»

«‹ጣትህ የሸርጣን ነው› ብላ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«እንዴት ገባ እዚያ ውስጥ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ባለፈው ወር፣ አንተ ጓሮ እያለህ፣ አንዱ መስኮት ‹ይህ ሁሉ ወደ ፍላሹ ይቀዳ?› አለኝ። እኔም...»

«አዎን አልከው።»

«ታዲያ አይሆንም ልበለው?»

የኮኮናት ቅጠሉን የፈታሁት እኔው ነኝ። ኢንተርኔቱን ነቀልኩ፣ ፍላሹን ሰካሁ። የእኔ «ካሳቫ» ወዲያው ጮኸ፤ «ይህ ፍላሽ በቫይረስ ተበክሏል፣ ቢሆንም ይከፈት?» የሚል መስኮት ወጣ። ወደ እርስዎ ዞርኩ። ሁለት እጆችዎን ከጭንዎ በታች አስገብተው ተቀምጠውባቸው ነበር።

«አንተው መልስ» አሉኝ። «እኔ ከእንግዲህ ለመስኮት አልመልስም።»

አዎን አልኩት።

አርባ ሦስቱም አሉ። ሦስተኛውን ከፈትኩ። የቡቡ ድምፅ ቤቱን ሲሞላው ከጎረቤት ቤት ዱላ ወለሉን ሲመታ ሰማን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያም ፈጠን ብሎ።

«ምን እያለችህ ነው?» አሉኝ።

«ዘገያችሁ እያሉን ነው» አልኩዎት።

በመጨረሻም፣ ለአንባቢዎች፦ ከዘፈኖቹ ጋር ሃያ ሁለት ቫይረስ ገብቷል፤ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። ታቡው እስከዚያ ይቆያል፣ ሹሙንም ይጨምራል። ደብዳቤው አንድም ቃል ሳይቀነስለት ዛሬውኑ ይለጠፋል። ክቡርነትዎ አንብበው ሲጨርሱ መዶሻውን ተመልክተው «እባክህ ሚስማሩን ልያዝልህ?» አሉኝ። እኔም የዚህ መንደር ልጅ ነኝና አይሆንም ማለት አልቻልኩም።